አዲሱ እግሬና የስፌት መኪናዬ

ረቡዕ፣ ጥር 1

ጀሶው ተፈታ። መጋዙ ሲጮኽ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ አልጋው ጫፍ ላይ የማላውቀው ሰው እግር ተጋድሟል። ገርጥቷል፣ ከስቷል፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ግን ቀጥ ብሏል! አውራ ጣቱ ወደ ጣሪያው ያያል። ከተወለድኩ ጀምሮ የቀኝ እግሬ ጣቶች የሚያዩት ግራ እግሬን ነበር።

ዶክተሩ «እስቲ ውስጥ እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊው» አለኝ። አሳረፍኩት። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ። እስከ ዛሬ የረገጥኩት በእግሬ ጠርዝ ነው፤ እዚያ ላይ ቆዳው እንደ ጎማ ደንድኖ ብርድም ሙቀትም አይሰማውም ነበር። አለቀስኩ። ነርሷ «አመመሽ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ ማስረዳቱ ታከተኝ።

ሌሎቹ ታካሚዎች አስታማሚ አላቸው። ጫማ የሚያቀብል፣ ቦርሳ የሚይዝ፣ «ቀስ በይ» የሚል። እኔ ቦርሳዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሁለት ክራንች ይዤ፣ «ቀስ በይ ትርሲት» እያልኩ ራሴን አስታመምኩ።

ቤቴ ሲኒማ ራስ ጀርባ ነው፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል። ገና በሩን ስከፍት አልጋ ሥር ያስቀመጥኩትን ጫማ ጎትቼ አወጣሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የገዛሁት ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ። የግራው ልክክ አለ። የቀኙ ሰፋኝ። ለካ ይሄኛው እግሬ ከወንድሙ ያንሳል! ተቆልምሞ ስለኖረ ርዝመቱን ማን አይቶት። ጫፉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቀጠቅኩበትና ተጫምቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚያይ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ጋሼ ሙደሲር ደወሉ። ሸማ ተራ ያለው ሱቅ የእሳቸው ነው፤ እኔ በረንዳው ላይ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የሀበሻ ቀሚስ ደረት እጠልፋለሁ። ከጎኔ ፍቃዱ አለ፣ እሱም ጠላፊ ነው፣ ወሬው ከክሩ የሚረዝም።

«ትርሲት፣ ጥምቀት ደረሰ እኮ! ፍቃዱ ብቻውን አልቻለም። ሰው ሁሉ የአንቺን የመስቀል ጥልፍ ነው የሚጠይቀኝ።»

«ሰኞ እመጣለሁ ጋሼ» አልኩ። ደስታዬን እንዳያውቁብኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ሰው። የሚበጣጠሰውስ የእኛ ወገብ ነው። ግን ናፍቆኛል። መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ቀሚሴ እስከ መሬት ይወርዳል፣ እግሬን ማንም አያየውም። ደንበኛ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ዋጋ ይከራከራል። ከዚያ ክር ለማምጣት ብድግ ስል ፊታቸው ይለወጣል። «አይዞሽ የኔ እናት።» ክርክሩ እዚያው ያበቃል፣ የተጠየቁትን ይከፍላሉ። መርካቶ ውስጥ ሰው ካልተከራከረሽ ሞተሻል ማለት ነው።

ሰኞ ብድግ እላለሁ። እስቲ ማን አይዞሽ እንደሚለኝ አያለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 3

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

አመሻሽ ላይ እትዬ ዘነቡ ጋር ድራማ ለማየት ገባሁ። የእሳቸው ቴሌቪዥን የተቀመጠው አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ነው። መኪናው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ጠረጴዛ ከሆነ ዘመን የለውም። ሥሩ ያለው መርገጫ ግን እንዳለ ነው። ወንበሬን አስጠግቼ ስቀመጥ እግሬ ራሱ ሄዶ መርገጫው ላይ አረፈ።

ረገጥኩ። ግማሽ ሄዶ ቆመ። እንደገና ረገጥኩ። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ዞረና ተንገጫገጨ። ቴሌቪዥኑ ተንቀጠቀጠ።

«እመ ብርሃን! መሬቱ ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?» አሉ እትዬ ዘነቡ ብድግ ብለው።

«ከባድ መኪና አልፎ ይሆናል» አልኩ።

ክፍሌ ገብቼ ወለሉ ላይ ሞከርኩት። ተረከዜን ሳነሳ ጣቶቼ አብረው ይነሳሉ፣ ጣቶቼን ስጫን ተረከዜ አብሮ ይወርዳል። እንደ ጣውላ። መርገጫ ደግሞ የሚሠራው ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ነው፤ ተረከዝ ሲወርድ ጣት ይነሳል፣ ጣት ሲወርድ ተረከዝ ይነሳል፣ መንኮራኩሩም ይዞራል። ያ ጠማማው እግሬ ጠማማ እንጂ ግትር አልነበረም። መርገጫው ላይ በጎኑ ተጋድሞ እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዝ ነበር። በልጅነቴ ብቻዬን ያስተማርኩት ነው። አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም።

ዶክተሩ አልደበቀኝም። «አጥንቶቹን አቃንተን እናገጣጥማቸዋለን፣ በብሎን እናስራቸዋለን። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ። ቁርጭምጭሚትሽ ግን አይታጠፍም» ብሎኛል። ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ ካለ በኋላ ያለውን ማን ሰማው? ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ደግሞ «ተቀምጬ ነው የምሠራው» አልኩት። «በጣም ጥሩ» አለ።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ነው። ተቀምጬ ነው የምሠራው። እንዳያዝኑልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ለጋሼ ሙደሲር ደውዬ ዋሸሁ። «ጀሶው ገና ይቆይ ተባለ» አልኳቸው። «አይ፣ ጤናሽ ይቅደም» አሉ። ከጀርባቸው የፍቃዱ መኪና ይሰማል፣ ሰው ይጮኻል፣ ተሸካሚ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ በጣም ጸጥ አለ።

ሳስብ ዋልኩ፦

መኪናዬን በመብራት የሚያዞር ዲናሞ ይገጠምለት? አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ፈረስ ይጋልባል። የመስቀል ጥልፍ አንድ ስፌት ሄዶ፣ ቆሞ፣ ግማሽ ተመልሶ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ መብራት የሚጠፋው በበዓል ዋዜማ ነው።

በእጅ ልጥለፍ? አንድ ቀሚስ ስጨርስ ሌላው ሰው አሥሩን ያደርሳል።

እግሬን ከላይ በጉልበቴ እየገፋሁ ልርገጥ? ሞከርኩ። የተሰፋው ቦታ እሳት ሆነ።

ከሰዓት ወንድሜ ከሐዋሳ ደወለ። ከእናታችን ሞት በኋላ በዓል በዓል ላይ ነው የሚደውለው። «ተፈታልሽ አሉ! እንኳን ደስ ያለሽ። በቃ አሁን ሰው ሆንሽ!» አለኝ። ከዚህ በፊት ምን ነበርኩ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና ልጆቹን ሰላም በልልኝ አልኩት። ለመምጣት አላሰበም። እኔም ና አላልኩትም፤ ሁለታችንም ኩሩ ነን፣ እሱ በሚነዳው መኪና፣ እኔ በእግሬ።

እሁድ፣ ጥር 5

መርካቶ እሁድ እሁድ ጸጥ ሲል ሰው ብቻውን መሆኑን ያስታውሰዋል። በሌላው ቀን ጫጫታውን ከዘመድ ቆጥሬው ነው የምኖረው።

ዛሬ አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ፣ ይጻፍ። እግሬን ታጥቤ ወደ አልጋዬ ስራመድ ሲሚንቶው ላይ የእርጥብ እግር ምልክት ቀረ። ሙሉ ነው። ተረከዝ፣ ጎድጎድ ያለው መሃል፣ አምስት ጣት። ድሮ አንድ የእግር ምልክትና ከጎኑ አንድ ጠብታ መሳይ ነገር ነበር የሚቀረው። እስኪደርቅ ድረስ አየሁት።

ደግሞ ቆሜ ዕቃ አጠብኩ፤ ወገቤን አላመመኝም። ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለካ ያ የወገብ ሕመም የእግሬ ኖሯል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን እግር እንዴት ብዬ ልጥላው? እንዴትስ ልውደደው? ያኛው እግሬ አስቀያሚ ነበር፣ ያበላኝ ነበር። ይሄኛው ቆንጆ ነው፣ ሥራ አያውቅም። ሀብታም ያገባች ሙሽራ ነው የሚመስለው።

ሰኞ፣ ጥር 6

የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ። ዶክተሩ ሊያየኝ ብቅ ሲል ነገርኩት። መርገጫውን በእጄ ጠረጴዛው ላይ እያሳየሁ፣ ያ እግሬ እንዴት ይተኛ እንደነበር፣ እንዴት ይወዛወዝ እንደነበር።

ወጣት ነው፣ ፊቱ ቶሎ ይቀላል።

«ተቀምጬ ነው ስትይኝ እጅሽን ነበር ያየሁት» አለ።

«እኔም እጄን ነበር ያሳየሁህ» አልኩት።

«ብነግርህ ኖሮ ሌላ ነገር ታደርግ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሊዋሽ ይችል ነበር፣ አልዋሸም። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። መገጣጠሚያዎቹ አልቀው ነበር፤ እንዲታጠፍ አድርጎ ማቃናት አይቻልም ነበር፤ ወይ እንደነበረ መተው፣ ወይ ይሄ። ብተወው ደግሞ ጥቂት ቆይቶ መርገጡም መራመዱም ይቀር ነበር አለኝ። «ግን ቁጭ ብለን እንነጋገርበት ነበር። ያንን ነው ያጎደልኩብሽ» አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ አይቻልም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ። የምጮህበት ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት።

«ብሎኑ ተመልሶ ይፈታል?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«አይፈታም።»

ታክሲ ውስጥ አንዷ ክራንቼን አይታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ወደቅሁ» አልኳት። መቼስ ውሸት ከለመድኩ አይቀር።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ምንም። ዳቦ በሻይ። ማንም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ተያዝኩ።

ድራማው ሲጀምር እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ሊያመጡ ወጡ፣ እኔ መርገጫው ላይ ወጣሁ። ቶሎ ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ቴሌቪዥኑ እየተንቀጠቀጠ፣ ዳንቴሉ እየተንሸራተተ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እንግዲያው መሬቱ አንቺ ነሻ!» አሉ።

መሳቅ ጀመርኩና ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው እንጂ ዘመዴ አይደሉም፤ ኪራይና «እንዴት አደርሽ» ነው የሚያገናኘን። ሽንኩርቱን እንደያዙ ሰሙኝ። ስጨርስ ያሉት አንድ ነገር ነው፦

«ግራሽ ምን ሆነ?»

ተናደድኩ። «ግራዬ አርባ ዓመት ሙሉ ተሸክሞኛል እትዬ! የሁለት እግር ሥራ የሠራው እሱ ብቻውን ነው። አሁን ይረፍ ስለው ደግሞ እንደገና ጀምር ልበለው?»

«እሱን እግርሽ ራሱ ይንገርሽ» አሉና ቴሌቪዥኑን በሁለት እጃቸው አንስተው አልጋቸው ላይ አስቀመጡት። ድራማው እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ያወራል። ዳንቴሉን ገፈፉ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ መኪናው አንገቱን አቀና። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ቺንጋ ደርቋል ግን አልተበጠሰም። ዘይት ፍለጋ ወጥ ቤት ገቡና የምግብ ዘይት ይዘው መጡ። ይሄን ፍቃዱ ቢያይ ይሞት ነበር።

በግራዬ ሞከርኩ። ወደ ኋላ ዞረ። ክር በጠሰ። ወደ ፊት ዞረና ማቆም አቃተኝ፣ ከዚያ አሁንም ወደ ኋላ። እጄ አንድ ነገር ያውቃል፣ እግሬ ሌላ። ዕድሜዬን የጠለፍኩትን የቅጠል ሐረግ ሕፃን የሳለው አስመሰልኩት።

እትዬ ዘነቡ ሽንኩርታቸውን እየላጡ «ባለቤቴ ነው የገዛልኝ» አሉ። «አንድ ቀን አልሰፋሁበትም። ሲዞር ድምፁ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

እንደዚያ አብረን አመሸን።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ዛሬ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነቡ መስለውኝ «ግቡ!» አልኩ። ጋሼ ሙደሲር ናቸው። በበዓል ገበያ ሱቃቸውን ለፍቃዱ ጥለው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተዋል። እኔ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቀኝ እግሬ ያለ ጀሶ ወንበር ላይ ተዘርግቷል።

እግሬን አዩት። «ማሻአላህ» አሉ መጀመሪያ። ከልባቸው ነው። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ተገረሙ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ነው ነገሩ የገባቸው።

«ልጄ፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

ነገርኳቸው። መርገጫውን፣ ዶክተሩን፣ የእትዬ ዘነቡን መኪና። እሳቸው የሚቀመጡበት አጥቼ ወንበሩን ለመልቀቅ እግሬን ሳወርድ እጄን ያዙኝ፤ ቆመው ነው የሰሙኝ።

ምን እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት? «ግድ የለም፣ መኪናሽ ይጠብቅሻል» እንዲሉኝ። እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፣ የሌላቸውን አይሸጡም።

«መኪናሽ ላይ ሌላ ጠላፊ አስቀምጫለሁ» አሉ። «ፍቃዱ ያመጣው ነው። በዓሉ እስኪያልፍ አላስነሳውም። ከበዓል በኋላ ግራሽ የለመደ እንደሆነ ቦታሽ ነው። ካልለመደም እንነጋገራለን፤ አላውቅም፣ አልዋሽሽም። ነገ ግን ነይ። የነጠላ ዘርፍ የሚቋጭ፣ ክር የሚቆርጥ ሰው የለኝም።»

ዘርፍ መቋጨት። ሥራ ስጀምር የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። የጀማሪ ሥራ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

በር ላይ ሲደርሱ ዞረው «ቤት ውስጥ ብቻሽን አትቀመጪ፤ እሱ ነው በሽታው» አሉ። ብርቱካኑን እስከ አሁን አልነካሁትም። አፍሬያለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ሄድኩ። በአንድ ክራንች፣ በጥቁሩ ጫማ። ጠዋት በረንዳው ላይ ለእኔ የቀረው ቦታ ከጨርቅ ጣቃዎቹ አጠገብ ያለች ትንሽ በርጩማ ነበረች። መኪናዬ ላይ የተቀመጠው ሰው ትሑት ነገር ነው፣ ስሙን አልጠየቅሁትም። የእኔን መስቀል ይጠልፋል። ጠርዙ ላይ ይሳሳታል። ሦስት ጊዜ ምላሴን ነከስኩ፣ በአራተኛው «እዚያ ጋ ግማሽ ተመለስ» አልኩት። ተመለሰ። ተስተካከለ። አመሰግናለሁ አለኝ፣ እኔ ግን ሆዴ ባሰ።

ነጠላ ቋጨሁ። ጣቶቼ አልረሱም።

ለክር ስነሳ አንዲት ደንበኛ ክራንቼን አይታ «ተሰብረሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «በቶሎ ይማርሽ» ብላ ወዲያው ስለ ነጠላው ዋጋ ልትከራከረኝ ጀመረች። ላቅፋት ነበር።

ከሰዓት ታቦቱ ሊያልፍ ነው ተባለ። ልጆቹ ቀይ ምንጣፉን እየጠቀለሉ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ መዝሙሩ ከሩቅ ይሰማል። ሱቅ ሁሉ ተዘጋ፤ ፍቃዱም ያ አዲሱም ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ድሮ እንዲህ ሲሆን እኔ ሥራ የበዛብኝ መስዬ ከመኪናዬ ሳልነሳ እቀር ነበር። ግፊያ ውስጥ የገባ ጠማማ እግር የሰው መሰናክል ነው። ያየኝ ሰው ደግሞ ዙሪያዬን ክፍት ይተውልኛል፤ «እሷን ተጠንቀቁ፣ እሷን!» ይላል። በሰው መሃል ብቻዬን የምቆመው እንደዚያ ነበር።

ዛሬ የምደበቅበት መኪና የለኝም። ጋሼ ሙደሲር ሱቁን እጠብቃለሁ፣ ሂጂ አሉኝ። ክራንቼን ሱቅ ውስጥ ትቼ ከመንገዱ ዳር ካለው ሰው መሃል ገባሁ። ሁለቱንም እግሬን መሬት ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ሰው ገፋኝ፣ ገፋሁት። እልልታው ጆሮዬ ሥር ነው። ታቦቱ ሲቃረብ ሁሉም ወደ ፊት ተነቃነቀና አንድ ትልቅ ሰውዬ በሙሉ ክብደቱ ቀኝ እግሬ ላይ ቆመ።

ሕመሙ እስከ ራስ ቅሌ ወጣ። ሰውየው «ይቅርታ እህቴ» አለ፣ ዞሮ እንኳን ሳያየኝ፣ ዓይኑ ታቦቱ ላይ እንደሆነ። ወደ ታች አላየም። አልደነገጠም። «እሷን ተጠንቀቁ» የሚል አልነበረም። አጠገቤ ያለችው ሴት ዕንባዬን አይታ ለታቦቱ መስሏት እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ግራዬ መርገጡን ይለምድ አይለምድ አላውቅም። ዛሬ ማታም እትዬ ዘነቡ ቴሌቪዥኑን አውርደው ጠብቀውኛል፤ ሁለት ቅጠል ጠለፍኩ፣ አንዱ ቅጠል ይመስላል። ቦታዬን አገኝ እንደሆነም አላውቅም። ቀኝ እግሬ ግን ዛሬ እንደ ማንም ሰው እግር ተረገጠ። አሁን አብጧል፣ በጣም ያመኛል።